ጅማ ላይ የስኬቲንግ ክለባችንን በስልክ እንዴት እንዳሰባሰብን

ጅማ ውስጥ ስኬቲንግ የሚወድ ልጅ ሞልቷል። ግን ሁሉም በየሰፈሩ ነው የሚነዳው፤ የኮቺው የመንቲናውን አያውቅም፣ የጊንጆው ደግሞ ብቻውን ነው። ክለቡን ስንጀምር የራሳችን ሜዳም ቢሮም አልነበረንም። ስልክ ግን ሁላችንም ጋ አለ።

መጀመሪያ ቲክቶክ ላይ የለቀቅነው የፍጥነትና የዝላይ ቪዲዮ ነው። ላይክ ጎረፈ። እሁድ ጠዋት ልምምድ ላይ ግን የሚመጡት እነዚያው ልጆች ናቸው። ጎበዝ ልጅ ሲዘል ያየ ሰው ያደንቃል እንጂ «እኔም ልሂድ» አይልም። ስለዚህ ካሜራውን ወደ ጀማሪዎቹ አዞርነው። አንዲት ልጅ በአንድ እጇ የጓደኛዋን ትከሻ፣ በሌላው አጥሩን ጥርቅም አድርጋ ይዛ፣ እግሯ እየተንቀጠቀጠ፣ ዙሪያዋን ያሉት «ጉልበትሽን እጠፊ! አይዞሽ!» እያሏት በመጨረሻ አጥሩን ለቃ ትንሽ ስትንሸራተት ቀረጽናት። ከዚያ በኋላ በውስጥ መስመር የሚመጣው መልእክት ተቀየረ። «ለእኔም ይቻላል?» «ጫማ ከሌለኝስ?»

ጫማ ለሌለው መልሱ ቴሌግራም ላይ ነው። ግሩፑን በርዕስ ከፋፍለነዋል። ቅዳሜ ማታ የትኛው ቁጥር ጫማ ነገ ትርፍ እንዳለ ይለጠፋል፤ 38 ቁጥር የሚያደርግ ልጅ ቀድሞ ይይዛል። እሁድ ጠዋት ደግሞ ቅርብ የሚኖር ልጅ የአስፋልቱን ፎቶ ይልካል። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ያ ፎቶ ከሌለ ልጁ ከቤቱ በከንቱ ይወጣል።

በጣም ሞቅ ያለው ክፍል ግን የጥገናው ነው። ውሃ የገባበት ኩሽኔታ ይዝጋል፣ ጎማውም አልዞርም ይላል። አንዱ ልጅ ኩሽኔታውን አውጥቶ፣ በቤንዚን አጥቦ፣ በደንብ አድርቆ፣ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ሲያደርግበት በአጭር ቪዲዮ አሳየ። (ቤንዚን ስለሆነ ከእሳት ርቃችሁ፣ ትልቅ ሰው ባለበት።) የጫማውም የስኬትቦርዱም ኩሽኔታ አብዛኛውን ጊዜ 608 የሚባለው መጠን ስለሆነ ልጆቹ መለዋወጥ ጀመሩ። ጎማው በውስጥ በኩል ቶሎ ስለሚበላ የግራውን ወደ ቀኝ ማዞር እንደሚያስፈልግም እዚያው ነው የተማማሩት። ዝም ይል የነበረ ልጅ ሁሉ እዚህ ክፍል ውስጥ ያወራል።

ወላጆችን ግሩፑ ውስጥ ማስገባታችን ደግሞ ከምንም በላይ ጠቅሞናል። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም እንጽፋለን፣ የቤተሰቡ ቋንቋ ያ ስለሆነ። አንዲት እናት «ወንድሜ፣ ልጄ ሄልሜት ካላደረገ ቢለምናችሁም እንዳታስነዱት» ብለው በድምጽ ላኩልን። ከዚያ ወዲህ ሄልሜት የሌለበትን ልጅ አንቀርጽም። ወላጅ ያልፈቀደለትን ልጅ ፊት አንለጥፍም፣ የልጅ ትምህርት ቤትና ሰፈርም አንጽፍም። ረመዳን ሲመጣ ሰዓቱን በግሩፑ ድምጽ አስጥተን ወደ ማለዳ አዞርነው፤ የሚጾሙት ልጆች ቀን በጥም እንዳይቸገሩ።

አንድ ነገር ላይ ግን ድርድር የለንም። ባጃጅ ኋላ ተንጠልጥሎ የሚሄድ ልጅ ቪዲዮ እይታው ብዙ ነው። እኛ አንለጥፍም። ልጅ የሚሞትበትን ነገር ለእይታ ብለን አናሳይም። ሾፌሮቹም ይህን አይተው ነው የቀረቡን፤ አሁን በልምምድ ሰዓት መንገዱን ቀስ ብለው የሚያልፉልን አሉ።

«ፓርክ ሲሠራልን እንጀምራለን» የሚሉ ልጆች ይጽፉልኛል። አዲስ አበባ ላይ በ2008 ዓ.ም የስኬት ፓርክ ሲሠራ ልጆቹ ቀድመው መንገድ ላይ ተሰባስበው ነበር፤ ራሳቸውንም በኢንተርኔት ያሳዩ ነበር። አጋሮም ሆነ ሊሙ ያላችሁ፣ ሦስት ልጅ ካላችሁ ግሩፕ ክፈቱ። ቅዳሜ ማታ ቦታውን፣ ሰዓቱንና ትርፍ ጫማውን ለጥፉ። ጫማ ከጎደላችሁ ደግሞ ጻፉልን፤ ከኛ የተረፈውን በሚኒባስ እንልካለን።