ደሴ ላይ ደህና፣ ኮምቦልቻ ላይ በሽተኛ

ለጥገና ከሚመጣ ዕቃ ሁሉ አስቸጋሪው ጭራሹን አልነሳ ያለው አይደለም። አልነሳ ያለውን ከፊውዙ ጀምረህ ዳዮዱን፣ ካፓሲተሩን፣ ትራንዚስተሩን እየለካህ ስትሄድ ችግሩ አንድ ቦታ ይያዛል። የሚያስቸግረው ባለቤቱ ዘንድ ሲበላሽ ሰንብቶ ጠጋኙ ጠረጴዛ ላይ ሲወጣ ደህና የሚሆነው ነው። ባለቤቱ የዋሸ ይመስላል፣ ጠጋኙም ሥራውን የማያውቅ ይመስላል፣ ዕቃው ደግሞ በመኪና ሲመላለስ ሌላ ጉዳት ይጨምራል። ደሴ ፒያሳ አካባቢ በምንሠራበት ሱቅ እንዲህ ያለ ዕቃ ብዙ አይተናል። የኮምቦልቻው ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክን ሞገድ ስክሪን ላይ ሥሎ የሚያሳይ መለኪያ፣ በአጭሩ ስኮፕ) ግን አሠራራችንን የለወጠ ስለሆነ ልጻፈው።

ያመጣችው ኮምቦልቻ በአንድ የሙያ ማሠልጠኛ ኤሌክትሮኒክስ የምታስተምር መምህርት ናት። ዕቃው ቴክትሮኒክስ 465 ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1946 አሜሪካ፣ ኦሪገን ውስጥ ተመሠረተ፤ 465ን ያወጣው በ1972 ነው። ባለ ሁለት ቻናል፣ እስከ 100 ሜጋኸርዝ የሚያሳይ፣ 10 ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ ቴክኒሻኑ በእጀታው አንጠልጥሎ ዕቃው ወደተበላሸበት ቦታ ይዞት እንዲሄድ የተሠራ ነው። ቀፎውን ስታወልቀው ሰሌዳው ላይ የየዕቃው ቁጥር ታትሟል። የጥገና መጽሐፉም ሙሉውን ንድፍ ከየመለኪያው ነጥብ ቮልቴጅና ከሞገዱ ቅርጽ ጋር ይዟል። እንዲህ ሊጠገን ታስቦ የተሠራ ዕቃ እጄ ሲገባ የሠሩትን ሰዎች አመሰግናለሁ። በ2014ቱ ጦርነት የማሠልጠኛው ቤተ ሙከራ አዳዲሶቹን መሣሪያዎች ሲያጣ ይህ አሮጌው ተርፎላቸዋል፤ ተማሪዎቹ ሞገድ የሚያዩት በእሱ ብቻ ነው።

መምህርቷ ያለችው ይህን ነበር፤ ጠዋት ደህና ይሠራል፣ ከሰዓት በኋላ ግን የስክሪኑ መስመር ወፍሮ ይርገበገባል፣ ተማሪዎቹ የሚያነቡት ቁጥርም አንዱ ከአንዱ አይገጥምም። እኛ ዘንድ ስንከፍተው ግን እንከን የለሽ ነው። ስኮፑ ፊቱ ላይ የራሱ መፈተሻ አለው፤ 300 ሚሊቮልት፣ 1 ኪሎኸርዝ አራት ማዕዘን ሞገድ ይሰጣል። ገመዱን ቀጥታ ከዚያ አገናኝተህ ስክሪኑን በየካሬው 0.1 ቮልት ስታደርገው ሦስት ካሬ መቆም፣ በየካሬው 0.2 ሚሊሰከንድ ስታደርገው አንዱ ዙር አምስት ካሬ መያዝ አለበት። ቆመ፣ ያዘም። መስመሩ ፀጉር የሚያህል ቀጭን ነው። ቀኑን ሙሉ ሲበራ ዋለ፣ ንቅንቅ አላለም። ወሰደችው። ተመልሳ መጣች።

«ጋሼ፣ አንቱ ዘንድ ሲመጣ ነው የሚድነው» አለችኝ። «እኔ ሙቀቱ ይመስለኛል።»

ግምቷ የሚናቅ አልነበረም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ፤ የአየሩን ልዩነት ሐረጎን ዘልቆ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። ሲሞቅ ብቻ የሚበላሽ ትራንዚስተር፣ ሲሞቅ የሚላቀቅ የሊድ ብየዳ በሥራችን ብዙ ነው። ስለዚህ በፀጉር ማድረቂያ ሰሌዳውን ክፍል በክፍል አሞቅነው። ምንም ለውጥ አልመጣም። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ በዚህ ጊዜ ትዕግሥቱ አለቀና ካቻቪቴውን አነሳ። «ትሪመሮቹን ትንሽ ትንሽ ብናስተካክላቸውስ ጋሼ?» አለኝ። ልጁ ጎበዝ ነው፣ እጁም ንጹሕ ነው። ትሪመር ግን በካቻቪቴ እየዞረ ንባቡን የሚያስተካክል ትንሽ ዕቃ ነው፤ ጥያቄውን እንደ ዋዛ አላለፍኩትም። አስቀምጬ አስረዳሁት።

465 ውስጥ ዋናዎቹ የኃይል መስመሮች 110፣ 55፣ 15፣ 5 እና ከዜሮ በታች 8 ቮልት ናቸው። 55 ቮልቱ ለሌሎቹ መለኪያቸው ነው፤ እሱ ሲዛባ ሁሉም አብረውት ይዛባሉ። የቁመት ማጉያው፣ የጊዜ መቁጠሪያው፣ የስክሪኑም ከፍተኛ ቮልቴጅ በእነዚህ ላይ የቆሙ ናቸው። ኃይሉ ትክክል መሆኑን ሳታረጋግጥ የቁመቱን ትሪመር ብትነካ የተሳሳተ ኃይል ላይ ትክክለኛ የሚመስል ንባብ ታገኛለህ። ነገ ኃይሉ ሲስተካከል ንባቡ ይፈርሳል፣ ያኔ የቱ ትሪመር ከየት እንደተነሳ የሚያውቅ የለም። ብዙ ጥሩ ስኮፕ የሞተው ተቃጥሎ ሳይሆን በዚህ መንገድ ነው፤ ይህን ሳይ አሁንም ይቆጨኛል።

ዕቃው ወደ እኛ መምጣቱ ካልጠቀመ እኛ ወደሚታመምበት መሄድ ነበረብን። በሚኒባስ ስኮፑን ጭኔ ላይ አድርጌ ወረድኩ፣ ልጁም መለኪያዎቹን ይዞ አብሮኝ ወረደ። የደረስነው መምህርቷ የከሰዓቱን ትምህርት ስትጀምር ነው። ቤተ ሙከራው ውስጥ አስቀምጠን ለኮስነው፤ ለጥቂት ጊዜ ደህና ነበር፣ ከዚያ መስመሩ ወፈረ። ልጁ ዞር ብሎ አየኝ።

የቻናሉን መግቢያ ዜሮ ላይ አደረግሁት። አሁን ከውጭ የሚገባ ነገር የለም፤ ስክሪኑ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ መታየት አለበት። አልታየም፣ ይርገበገባል። ትሪገሩን፣ ማለትም ሞገዱ ስክሪኑ ላይ መቼ መሣል እንደሚጀምር የሚወስነውን መምረጫ፣ ወደ «ላይን» አዞርኩት፤ ይህ ቦታ ስኮፑን ከግድግዳው መብራት ጋር እኩል ያስነሳዋል። ርግብግቡ ባለበት ቀጥ አለ። ከመብራቱ ጋር የሚቆም ነገር ከመብራቱ የመጣ ነው። በየካሬው 5 ሚሊሰከንድ አድርጌ ቆጠርኩ፤ አሥሩ ካሬ ላይ አምስት ጉብታ፣ እያንዳንዱ ሁለት ካሬ፣ ማለትም 10 ሚሊሰከንድ። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፣ አንዱ ዙር 20 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። በአካባቢው ካለ ሽቦ የተጠለፈ ጩኸት ቢሆን ኖሮ ጉብታው አራት ካሬ በያዘ ነበር። ሁለት ካሬ የያዘው በዳዮዶቹ ተገልብጦ 100 ኸርዝ የሆነው ነው፤ ያ ደግሞ ከስኮፑ የራሱ ፓወር ሰፕላይ እንጂ ከሌላ ከየትም አይመጣም።

መለኪያውን ግድግዳው ሶኬት ላይ ሰካነው፤ 204 ቮልት። ከግድግዳው ማዶ የብየዳ ድምፅ ይሰማል። ሲጭር ቁጥሩ ይወርዳል፣ ሲያቆም ይነሳል። መምህርቷን ስጠይቃት የብረታ ብረት ክፍል የብየዳ ልምምድ ሁልጊዜ ከሰዓት ነው አለችኝ፤ ሁለቱ ክፍሎች መብራት የሚያገኙት ከአንድ መስመር ነው። እኛ ሱቅ ውስጥ 224 አካባቢ ነበር።

ልጁ 55 ቮልቱን ሲለካ 54.6 አገኘ። «ደህና ነው እኮ ጋሼ፣ ትንሽ ብቻ ነው የጎደለው» አለ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። መልቲሜትር ዲሲ ላይ የሚያሳይህ አማካዩን ነው፤ በሰከንድ መቶ ጊዜ ወደ ታች የሚጎደጉደውን ጉድጓድ አይነግርህም። መለኪያውን ወደ ኤሲ መልሰን፣ በመሃል 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አስገብተን ለካን፤ ርካሽ መለኪያ ኤሲ ላይ ዲሲውንም ቀላቅሎ ስለሚያነብ ያቺ ካፓሲተር ታስፈልጋለች። ሪፕሉ፣ ማለትም ዲሲው ላይ የቀረው ርግብግብ፣ ወጣ። ያን 54.6 አይቶ የ55 ቮልቱን ትሪመር ወደ ላይ ያዞረ ሰው ጠዋት ሁሉንም መስመር ያዛባ ነበር።

ከዚያ ስኮፑን አዙሬ የቮልቴጅ ክልል መምረጫውን አየሁት። ሦስት ቦታ አለው፤ ዝቅተኛው ለ220፣ መካከለኛው ለ230፣ ከፍተኛው ለ240 ቮልት፣ እያንዳንዱ በ10 በመቶ ወደ ላይና ወደ ታች ይችላል። የተቀመጠው ከፍተኛው ላይ ነው። ዕቃው በእርዳታ የመጣው ከእንግሊዝ ነው፣ እዚያ የቤቱ መብራት 240 ነበር። ከፍተኛው ላይ ሆኖ ከ216 በታች ሬጉሌተሩ (ቮልቴጁን አንድ ቦታ የሚያቆየው ክፍል) እንዲይዝ አይጠበቅም። ከሰዓት በኋላ የሚያገኘው 204 ነው።

መምረጫውን ዝቅተኛው ላይ አድርጌ ስመልሰው ርግብግቡ በጣም ቀነሰ፣ ጨርሶ ግን አልጠፋም። ክፍሉ ደስ ብሎት ነበር፣ መምህርቷም «በዚሁ ይበቃናል» አለች። አልተውኩላትም። ዝቅተኛው ቦታ እስከ 198 መያዝ ሲገባው 204 ላይ ጭራ ካስቀረ የደከመ ነገር አለ ማለት ነው። «አብሽሪ፣ ይመለስልሻል» ብዬ ይዤው ወደ ደሴ ወጣሁ።

ሱቅ ውስጥ ቫሪያክ (ቮልቴጁን በእጅ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ትራንስፎርመር) ላይ አስረን መብራቱን በእጃችን ቀስ እያደረግን አወረድነው። ያ ኮምቦልቻ ድረስ ያስወረደን ርግብግብ አሁን በፈለግነው ሰዓት ይመጣል፣ በፈለግነው ሰዓት ይሄዳል። ትልልቆቹን የፊልተር ካፓሲተሮች አውጥተን ስንለካ ውስጣዊ ተቃውሟቸው ከፍ ብሏል፣ አቅማቸውም ወርዷል። ፊልተር ካፓሲተር ሥራው የሮቶ ሥራ ነው፤ መስመሩ በጠፋባት ቅጽበት ያጠራቀመውን ይለቃል። ሮቶው ሲጠብና መስመሩም ሲደክም ቤቱ መድረቁ አይቀርም፤ በ224 ቮልት ግን የሮቶውን መጥበብ ማንም አያውቅም። ሁለቱም ጥፋቶች ለየብቻቸው ተደብቀው መኖር ይችሉ ነበር።

ለዚህ ሞዴል አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። የድሮዎቹ የቆርቆሮ ካፓሲተሮች ከሥር ብዙ እግር አላቸው። እግሮቹ ማጠንከሪያ ብቻ ይመስላሉ፣ ነገር ግን ሰሌዳው ላይ የተለያዩ የመሬት መስመሮችን እርስ በርስ የሚያገናኙት እነሱ ናቸው። ባለ ሁለት እግር አዲስ ካፓሲተር ተክለህ ብትተወው አንዱ የመሬት መስመር ተንጠልጥሎ ይቀርና ከቀድሞው የባሰ ጩኸት ታተርፋለህ። ልጁ ቀዳዳዎቹን ከሥር በሽቦ አገናኝቶ በየዳቸው። ከአዲስ አበባ ያስመጣናቸው ካፓሲተሮች 105 ዲግሪ የሚችሉ፣ ቮልቴጃቸውም ከቀድሞዎቹ የማያንስ ነበሩ። ሥራውን ሲጀምር የብር ቀለበቱንና ሰዓቱን አስወለቅሁት፤ የስክሪኑ ካቶድ ከዜሮ በታች 2,450 ቮልት ላይ ነው፣ የጨረሩ ጠቅላላ መግፊያ 18 ኪሎቮልት ይደርሳል፣ ካጠፋኸውም በኋላ ወዲያው አይለቅም።

ከዚያ በኋላ በቫሪያክ ከ198 በታች ስናወርደውም መስመሩ ቀጥ ብሎ ቆየ። አንዲት ትሪመር አልነካንም፤ መፈተሻው ሞገድ ያው ሦስት ካሬ፣ ያው አምስት ካሬ ነው።

መምረጫውን ዝቅተኛው ላይ ለመተው ትንሽ አመንትቻለሁ። የዝቅተኛው ጣሪያ 242 ነው፤ ማታ ፋብሪካው ሁሉ ሲያርፍ መብራቱ ከፍ ይላል። ቤተ ሙከራው ግን ማታ ዝግ ነው፣ ስለዚህ ዝቅተኛው ላይ ተውኩትና ከጀርባው «220፤ ማታ አይለኮስ» ብዬ ለጠፍኩበት።

ሶኬቱን ስፈትሽ የመሬት እግሩ ተቆርጦ አገኘሁት፤ ሁለት ቀዳዳ ካለው ማከፋፈያ ጋር እንዲገጥም መሆን አለበት። ይህ ነገር በጣም ያሳስበኛል። የፕሮቡ (የመለኪያ ገመዱ) ጥቁር መቆንጠጫ ከስኮፑ አካል ጋር አንድ ነው። መሬት የሌለው ስኮፕ ላይ ያ አካል መብራት ሊይዝ ይችላል፣ የሚነካው ደግሞ ገና የሚማር ልጅ ነው። ባለ ሦስት እግር ሶኬት ገጥሜ፣ መምህርቷ ማከፋፈያውን ሳትቀይር እንዳትለኩሰው በአደራ ነገርኳት።

ስትወስደው የቤተ ሙከራውን ሌሎች መሣሪያዎች ጀርባ እንድታይ ጠየቅኋት። ከዚያው እርዳታ የመጡት ሲግናል ጄኔሬተርና ፓወር ሰፕላይም 240 ላይ ነበሩ፤ ልጁ ወርዶ አስተካከላቸው። አሁን እኛ ሱቅ ዕቃ ሲረከብ ከበሽታው ቀጥሎ የሚጽፈው የሶኬቱን ቮልቴጅ፣ የሚበላሽበትን ሰዓትና በዚያው መስመር ላይ ምን እንደሚሠራ ነው። ቮልቴጁን የማያውቅ ደንበኛ ከመጣ መለኪያ አውሶ ይልከዋል።