ጥርስ በወተት ብርጭቆ

ዛሬ የእህቴ ልጅ ኳስ ሲጫወት የጓደኛው ክርን አፉን መታውና የፊት ጥርሱ ከነሥሩ ወለቀ። 10 ዓመቱ ነው። የወተት ጥርስ ቢሆን ጣራ ላይ ወርውረን እንገላገል ነበር፤ ይሄ ግን ዋናው ነው።

ጎረቤት «በአረቄ እጠቢው» አለችኝ። ኧረ በፍጹም! በጾም ቀን ወተት ፍለጋ ሦስት ሱቅ አስዞርኩ። ነጩን ጫፍ ብቻ ይዤ አቧራውን በወተት ለቅለቅ አደረግሁት። ሥሩን አልነካሁም፣ አልፈገፈግሁም። ወዲያው ቦታው መመለሱ ነበር የሚሻለው፤ እጄ ተንቀጠቀጠብኝና ወተቱ ውስጥ ከተትኩት።

40 ደቂቃ ሳይሞላ ክሊኒክ ደረስን። ሐኪሙ መልሶ ከተተውና ከጎኑ ካሉት ጥርሶች ጋር በቀጭን ሽቦ አሰረው። 2 ሳምንት ይቆያል።

ልጁ አሁን «ቆሎ መቼ ነው የምበላው?» እያለ ነው።