ሦስት ሾኮ፣ ሁለት ጊዜ ሲቀመስ

እስራኤል ያደገ ልጅ የቸኮሌት ወተትን መጀመሪያ የሚያውቀው በብርጭቆ ሳይሆን በላስቲክ ከረጢት ነው። ከረጢቷን በአንድ እጁ ጨብጦ፣ ጥጓን በጥርሱ ነክሶ ቀዳዳ ያበጅላትና፣ በሌላው እጁ ላህማኒያ የሚሉትን ድቡልቡል ዳቦ እየገመጠ ይጠባታል። በዕብራይስጥ «ሾኮ በሳኪት» ትባላለች፤ እኛም ቤት ውስጥ በአማርኛ ስንጨዋወት ሳይቀር «ሾኮ» እንላለን። ቀዳዳው ከሰፋ ወተቱ ሸሚዝ ላይ ይፈሳል፣ ከጠበበ ጉንጭ እስኪደክም መምጠጥ ይጠይቃል፤ ልኩን ማወቅ ራሱን የቻለ የልጅነት ሙያ ነው። እኔ ያደግሁት ጎንደር በመሆኑ ይህን ሙያ የተማርሁት ከልጆቼ ነው።

ልጆቼ ስለ ሾኮ ተስማምተው አያውቁም። ትልቋ ዮትቫታ ከሚባለው የወተት ፋብሪካ ሾኮ በቀር ሌላ አልጠጣም ትላለች፤ ትንሹ ደግሞ ሁሉም አንድ ነው ባይ ነው። ክርክራቸውን ስሰማ፣ ልዩነቱ በእርግጥ ምላስ ላይ የሚታወቅ ነው ወይስ ዕቃው ላይ የታተመው ስም የሚፈጥረው ነው የሚለው ጥያቄ እኔንም ያዘኝ። ስለዚህ አንድ ዓርብ ጧት የሦስት ወተት አምራቾችን፣ የዮትቫታን፣ የተኑቫንና የታራን ሾኮ ገዝቼ ለመለየት ወሰንሁ። ጧቱን የመረጥሁት ምላስ ቡና ሳይነካው የተሻለ ስለሚለይ ብቻ ሳይሆን፣ እኛ ቤት በአይሁድ የምግብ ሥርዓት መሠረት ሥጋ ከተበላ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ወተት ስለማይቀመስም ነው። ባለቤቴ ማድ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋና ሾኮዎቹን በተመሳሳይ ነጭ ስኒዎች ቀዳ፤ ከየስኒው ሥር ቁጥር ጻፈበት። የትኛው የማን እንደሆነ ከእርሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ትልቋን የዮትቫታ ወገን ያደረጋት በእስራኤል ደቡብ ጫፍ ወዳለችው ወደ ኤላት ከተማ የሚወስደው መንገድ ይመስለኛል። ዮትቫታ ከኤላት በስተሰሜን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ አረባ በሚባለው በረሃ ውስጥ የሚገኝ ኪቡትዝ፣ ማለትም ነዋሪዎቹ በጋራ የሚሠሩበት የእርሻ መንደር ሲሆን፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1957 ኪቡትዝ ሆኖ ተመሠረተ፤ የወተት ፋብሪካው ደግሞ በ1962 ሥራ ጀመረ። ወደ ኤላት የሚወርድ ቤተሰብ ሙቀቱ ካዛለው በኋላ እዚያ ቆሞ ቀዝቃዛ ሾኮ ወይም አይስክሬም ሳይገዛ ማለፍ አይሆንለትም። እናቴ የቦታውን ስም ስትሰማ ወዲያው ያስታወሰችው ኦሪት ዘዳግምን ነበር፤ እስራኤላውያን በጉዟቸው የደረሱባትን፣ የውኃ ፈሳሾች ያሉባትን ዮጥባታን። ተኑቫ ከ1926፣ ታራ ከ1942 ጀምሮ የነበሩ አንጋፋዎች ቢሆኑም፣ በበረሃ መካከል በጥማት የተጠጣ ሾኮ የሚያሳድረውን ፍቅር ለመወዳደር ይቸገራሉ።

ስኒዎቹ ሲቀርቡ ሁላችንም መጀመሪያ ያየነው ቀለማቸውን ነበር፤ ጠቆር ያለው ብዙ ቸኮሌት ያለበት ይመስላል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ሆላንዳዊው ቫን ሃውተን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ካካዎን በአልካሊ ማከም ካስለመደ ወዲህ፣ የዱቄቱን ኮምጣጣነት የሚያለዝበው ይህ አሠራር ቀለሙንም ያጠቁረዋል። ስለዚህ ጥቁረት ብቻውን የካካዎውን ብዛት አይናገርም።

ከቀለሙ ይልቅ ውፍረቱ ብዙ ይነግረናል። ካካዎ እንደ ስኳር ወተት ውስጥ አይሟሟም፤ ደቃቅ ሆኖ ይንሳፈፋል፣ ቆይቶም ይዘቅጣል። አምራቾች ይህን ለመከላከል ብዙ ጊዜ ከቀይ የባሕር አረም የሚወጣውን ካራጊናን በጥቂቱ ይጨምራሉ፤ ይህም ከወተቱ ፕሮቲን ጋር ተያይዞ ዱቄቱን አንጠልጥሎ ይይዘዋል። ልኩ ሲጠበቅ ወተቱ ምላስ ላይ ከበድ ብሎ ይቆያል፣ ሲያልፍ ግን አጥሚት የጠጡ ያህል ያጣብቃል። ከሦስቱ በአንደኛው ስኒ ግርጌ ላይ እንደ ቡና አተላ ያለ ቀጭን ቡናማ ቀለበት ቀርቶ አየሁ፤ እኔ ይህን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም፣ ከመጠጣት በፊት መወዝወዝ እንደሚገባ ግን ያስታውሳል።

በመጀመሪያው ጉንጭ ሁላችንም ይበልጥ ወደሚጣፍጠው አደላን። ስኒው ሊያልቅ ሲል ግን ሐሳባችን ተለየ፤ ጣፋጩ እየሰለቸ፣ ወፍራሙ እየተወደደ መጣ። እኔ ሾኮን የምመዝነው በመጨረሻው ጉንጭ ነው፤ የመጀመሪያውን ስኳር ብቻውን ሊያሸንፍ ይችላልና። በዚህ ሚዛን ቁጥር ሁለትን መረጥሁ፤ ዮትቫታ ሆኖ ተገኘ። የተኑቫው ቀለል ያለና ከዳቦ ጋር እጅግ የሚስማማ ነበር፤ የታራው ካካዎ ደግሞ ከሌሎቹ ቀድሞ አፍንጫ ላይ ይደርሳል። ከሁሉ ያስገረመኝ ትንሹ ልጄ ነው። «ሁሉም አንድ ነው» ባዩ ሦስቱንም ሳይሳሳት በስማቸው ጠራቸው፤ ከዮትቫታ በቀር የማትጠጣው እህቱ ግን የራሷን ሾኮ የሌላ አምራች ነው አለች። እርሱ ትምህርት ቤት ያገኘውን ሁሉ ስለሚጠጣ ማነጻጸሪያ አለው፣ እርሷ የላትም።

ስለ ስኳሩም አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በእስራኤል ከ2020 ጀምሮ በ100 ሚሊ ሊትር ከ5 ግራም በላይ ስኳር ያለው መጠጥ ቀይ ምልክት እንዲለጠፍበት ሕግ ያዛል። ወተት ደግሞ ምንም ሳይጨመርበት ላክቶስ የሚባለው የራሱ ስኳር 5 ግራም ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው፤ ስለዚህ ካካዎ የገባበት ወተት ጥቂት ስኳር ሲጨመርበት ድንበሩን ያልፋል። እናት የሆነ ሰው ምልክቱን አይቶ ብቻ መደናገጥ የለበትም፤ ከጠቅላላው ላይ የወተቱን ድርሻ ቀንሶ የተጨመረውን ቢያሰላ ሾኮዎችን በትክክል ያወዳድራል።

ፍርዱ አበቃ ስንል እናቴ ስኒዋን ወደ እኔ ገፋ አደረገች።

«እማዬ፣ አልጣፈጠሽም?»

«ልጄ፣ ወተት እንዲህ በረዶ ሆኖ ምኑ ይለያል? እስቲ አሙቂልኝ።»

እውነቷን ነበር። ቅዝቃዜ የጣፋጭን ስሜት ያደነዝዛል፣ ሙቀት ያጎላዋል። ሦስቱንም በየተራ አሙቀን እንደገና ስንቀምስ ደረጃው ተገለበጠ፤ ከፍሪጅ ሲወጣ ልኩን የጠበቀው ዮትቫታ አሁን ጣፋጭነቱ በዛብኝ፣ የታራው ምሬት ደግሞ ከሙቀቱ ጋር ተስማምቶ አንደኛ ወጣ።

እናቴ ግን በሦስቱም አልረካችም። ተራ ወተት አፈላች፤ ካካዎውን ደረቁን ብትበትንበት ስለሚጓጉል በሶ እንደሚበጠበጥ አድርጋ መጀመሪያ በጥቂት ትኩስ ወተት አሸችው፣ ከዚያ ቀሪውን ቀስ በቀስ ጨመረችበት። ስኳሩን ከማንኪያ ግማሽ አላሳለፈችም። ስልባቦቱ ላይ ላዩን ተጋግሮ ሲመጣ፣ ሌላ ጊዜ ስልባቦት እያወጣች የምትጥለው ትልቋ ልጄ ስኒዋን ይዛ ተሰለፈች።