ለድመቴ በር ላይ በር ስከፍትላት

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ በር ሲቧጠጥ ሰምታችሁ የምታውቁ ካላችሁ ሳልነግራችሁ ይገባችኋል። የኔዋ ሚሚ በአንድ ሌሊት ሁለቴ ትወጣለች ሁለቴ ትገባለች፣ በረኛዋ ደግሞ እኔ ነኝ። ተነስቼ ስከፍትላት ደግሞ ደፉ ላይ ቆማ ልውጣ አልውጣ እያለች ታስባለች እኮ፣ እኔ በባዶ እግሬ እየተንቀጠቀጥኩ። ሁለት ዓመት ተኩል እንደዚህ ኖረን በቃ ፍሬምና የምትወዛወዝ መዝጊያ ያለው የፕላስቲክ የድመት በር ገዝቼ፣ በሩን በስቼ የራሷን መግቢያ ልሰራላት ወሰንኩ። አራት ማዕዘን ቀዳዳ አይደል እንዴ፣ ቅዳሜ ጠዋት ጀምሬ ከምሳ በፊት እጨርሳለሁ ብዬ ነበር። ከወር በላይ ፈጀብኝ።

ልኬቱ ላይ ጎበዝ ነበርኩ፣ ቢያንስ ግማሹ ላይ። ድመት ቀጥ ብላ ቆማ አትለካም፣ ሜትሩን መጫወቻ ነው ያደረገችው፣ ስለዚህ ምግቧን ግድግዳ ስር አስቀምጬ ስትበላ ትከሻዋና ሆዷ ጋ በእርሳስ ምልክት አደረግኩ። ትከሻዋ 25 ሳንቲም፣ ሆዷ ከወለሉ 13 ሳንቲም። ሁለተኛው ቁጥር ነው ዋናው፣ ምክንያቱም የቀዳዳው የታችኛው ጠርዝ ከሆዷ በላይ ከሆነ በገባች በወጣች ቁጥር መዝለል አለባት፣ ለወጣት ድመት ምንም አይደለም፣ ስታረጅ ግን መገጣጠሚያዋን ያማታል። የላይኛው ጠርዝ ከትከሻዋ ትንሽ ከፍ ካለ ይበቃል፣ ድመት ጎንበስ ማለት ታውቃለች። ገና ግልገል ከሆነች ግን የዛሬዋን ሳይሆን አድጋ የምትሆነውን አስባችሁ ግዙ።

ያልለካሁት ምን መሰላችሁ፣ ውጪውን ነው። ከውስጥ 13 ሳንቲም ብዬ የበሳሁት ቀዳዳ በውጪ በኩል 29 ሆነ፣ የውጪው ወለል በአንድ ደረጃ ዝቅ ይላላ! በየቀኑ የምረግጠው ደረጃ እኮ ነው። በኋላ ከተረፈ ጣውላ ትንሽ መርገጫ ሰርቼ ከውጪ አስጠጋሁላት።

ወደ መቁረጡ ስመጣ በሩን ከማጠፊያው ነቅዬ ሁለት ወንበር ላይ አጋደምኩት፣ ከፓኬቱ ጋር የመጣውን የወረቀት ቅርጽ ለጥፌ በእርሳስ አሰመርኩ፣ ድሪሉን አነሳሁ። እማዬ በዚያ ስታልፍ ቆም ብላ አየችና «ልጄ፣ ድመቷ በመሰላል ነው እንዴ የምትገባው?» አለችኝ። ለካ በሩን ሳጋድመው ላይና ታቹ ተምታቶብኝ ያሰመርኩት በላይኛው ጫፍ ላይ ነው። እሷ ባታልፍ ኖሮ ዛሬ አዲስ በር እየገዛሁ ነበር። እና በሩን ሳትነቅሉት በፊት እንደተሰቀለ ታች ላይ ምልክት አድርጉበት፣ በቃ አንድ ትልቅ ኤክስ።

አራቱን ማዕዘን የጂግሶው (በኤሌክትሪክ የሚሰራ ትንሽ መጋዝ ነው) ምላጭ እንዲገባ አድርጌ በድሪል በሳሁ፣ ከዛ ቆረጥኩ። ሁለት ነገር ተበላሸ። አንደኛ፣ የጂግሶ ጥርስ የሚቆርጠው ወደ ላይ ሲመጣ ስለሆነ የሚሰነጠቀውና የሚላጠው ከላይ የሚታየው ፊት ነው። እኔ ደግሞ ወደ ላይ ያዞርኩት የሳሎኑን ፊት! ጠርዙ አይጥ የበላው ነው የሚመስለው። በደንብ የማይታየውን ፊት ወደ ላይ አድርጎ መስመሩ ላይ ፕላስተር ለጥፎ በደቃቅ ጥርስ ምላጭ ቀስ እያሉ መቁረጥ ነበር። ደግነቱ የፕላስቲኩ ፍሬም ብዙውን ሸፈነልኝ፣ የቀረውን በብርጭቆ ወረቀት አለሳለስኩት።

ሁለተኛው ግን ቅስሜን ነው የሰበረው። የተቆረጠውን ቁራጭ ሳነሳው ውስጡ እንጨት አይደለም፣ ባዶ ነው፣ እንደ ማር እንጀራ የተሰራ ካርቶን! በሩ ማለት ሁለት ስስ ኮምፔንሳቶ ዳር ዳሩን በጣውላ የተያዘ ነው። ቀድሜ በጣቴ አንኳኩቼ ብሆን ድምጹ ይነግረኝ ነበር። እንደዚህ አይነት በር ላይ ፍሬሙን ገጥማችሁ ቪሱን ስታጠብቁት ሁለቱ ፊቶች ወደ ውስጥ ይሰረጉዳሉ፣ ዝናብ ሲገባበት ደግሞ ካርቶኑ ይበሰብሳል። ስለዚህ ካርቶኑን በአራቱም ጎን ሶስት ሳንቲም ያህል ፍቄ አወጣሁ፣ የባዶውን ቦታ ውፍረት ለክቼ ጣውላ አስቆረጥኩ፣ ኮላ ቀብቼ ከተትኩና እስኪደርቅ አሳደርኩት። አሁን ያ ቦታ ከበሩ ሁሉ ጠንካራው ነው። ይሄ ስራ ከመቁረጡ ሶስት እጥፍ ጊዜ ወሰደብኝ፣ መመሪያው ላይ ደግሞ አንድ መስመር ነው የተጻፈው። በነገራችን ላይ የእሳት መከላከያ በር ከሆነ ጭራሽ አትንኩት፣ አንዴ ከተበሳ እሳት አይከላከልም። የኪራይ ቤት ከሆነም መጀመሪያ ባለቤቱን ጠይቁ። ሌላ ደግሞ ከውስጥ ያለው መቀርቀሪያ በቀዳዳው በሚገባ እጅ እንዳይደረስ አስቡበት፣ የሚገባው የድመት እጅ ብቻ ላይሆን ይችላል።

ፍሬሙን ስገጥም ቪሱን ጭንቅ አድርጌ አጠበቅኩት፣ ጠንካራ ይሁን ብዬ። መዝጊያዋ አልወዛወዝ አለች። ፕላስቲኩ ተጣሞ ነበር፣ ግማሽ ዙር ሳላላላት እንደገና ወዲህ ወዲያ ማለት ጀመረች። በውጪ በኩል ዙሪያዋን ሲሊኮን ቀባሁ፣ አለቀ አልኩ።

ሚሚ ግን ወይ ፍንክች! በዚያው ሌሊት በ9 ሰዓት ተነስታ ከአዲሱ በሯ አጠገብ፣ አንድ ስንዝር ራቅ ብላ፣ ትልቁን በር መቧጠጥ። ተናድጄ ይዤ በቀዳዳው ገፋኋት፣ ይሄ ትልቁ ስህተቴ ነው፣ ከዛ በኋላ ለአራት ቀን በአጠገቡ አላልፍ አለች። ከዚያ ነው ትዕግስት የገባኝ። መዝጊያዋን በፕላስተር ወደ ላይ ለጥፌ ክፍት ተውኩላት፣ በወዲያኛው በኩል ሆኜ የምትወደውን እየሰጠሁ ጠራኋት። በሳምንቱ ያለ ጥሪ መውጣት ጀመረች። ከዛ ግማሽ ዝቅ፣ ከዛ ትንሽ ዝቅ። ያስፈራት የነበረው መዝጊያው ራሱ ሳይሆን ከስር ያለው ማግኔት ጠቅ ሲል ነው መሰለኝ፣ ማግኔቱን ለጥቂት ቀን በወፍራም ፕላስተር ሸፍኜ ድምጹን ሳደክመው በግንባሯ ገፍታ ማለፍ ቻለች። እኔም በሁለት ዓመት ተኩል ለመጀመሪያ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ተኛሁ።

አምስት ቀን። በስድስተኛው ጠዋት ሳሎን ስገባ ሶፋው ላይ አንድ የማላውቀው ጆሮው የተቆረጠ ትልቅ ቢጫ ድመት ተኝቷል፣ የሚሚ ሳህን ባዶ፣ መጋረጃው ላይ ሽንት። ሚሚ ቁምሳጥን ላይ ወጥታ ታየኛለች፣ አስተያየቷ «በሩን የከፈትከው አንተ ነህ» ነው የሚለው። ይሄኔ ነው የድመቷን ልክ ሁሉ ለክቼ ሌላ ማን ሊገባ ይችላል ብዬ አንዴም እንዳልጠየቅኩ የገባኝ። የገዛሁት ተራው አይነት ነበር፣ መግቢያውን ብቻ ወይ መውጫውን ብቻ መቆለፍ ይቻላል፣ ግን መግቢያው ከተቆለፈ ሚሚም ውጪ ቀረች ማለት ነው።

መፍትሄው ቺፕ የሚያነበው የድመት በር ነው። ሚሚ ትከሻዋ መሀል ቆዳዋ ስር የሩዝ ፍሬ የምታክል ቺፕ አላት፣ 15 አሃዝ መለያ ቁጥር ያላት፣ በሩ እሷን ሲያነብ ብቻ ይከፍታል፣ በባትሪ ነው የሚሰራው። ብቸኛው ችግር የሱ ፍሬም ከፊተኛው ስለሚሰፋ እንደገና ጂግሶ፣ እንደገና ካርቶን መፋቅ፣ እንደገና ጣውላ፣ እንደገና ኮላ። መጀመሪያውኑ እሱን ብገዛ ኖሮ ግማሹ ስራ አልነበረም። በራችሁ ብረት ከሆነ ደግሞ ብረት አንባቢውን ስለሚረብሸው ለብረት በር የሚሆን ማስገጠሚያ እንዳለው ሳታረጋግጡ አትግዙ።

ቢጫው አሁንም ማታ ማታ ይመጣል፣ በግንባሩ ይገፋል፣ እምቢ ይለዋል፣ ይሄዳል። ሚሚ ከውስጥ ተቀምጣ በግልጹ ፕላስቲክ ታየዋለች። ባለፈው ሳምንት ደግሞ በሩ አነበባት፣ ከፈተላት፣ ገባች፣ አፏ ውስጥ በህይወት ያለች አይጥ ይዛ። ሳሎን መሀል ለቀቀቻት። አይጧ እስካሁን ከሶፋው ስር አልወጣችም፣ እማዬም ሳሎን አልገባም ብላለች።