«ና» ያለችኝ መስሎኝ

የባቡር ጣቢያው በር ላይ የቆመችው ሠራተኛ ፓስፖርቴን አገላበጠች፣ ስልኬ ላይ ያለውን ትኬት አየች፣ ከዚያ ራሷን ነቅንቃ «ናን! ናን!» አለችኝ። እኔ «ና! ና!» ያለችኝ መስሎኝ ጠጋ አልኩ። በመዳፏ ወደ ኋላ ገፋ አደረገችኝ። «ናን!» አሁንም ጠጋ አልኩ። ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ያጉረመርማል፤ እትዬ ዣንጥላቸው ውኃ እያንጠባጠበ «ምን ትላለች?» ይሉኛል። «ግቡ እያለች ነው መሰለኝ» አልኳቸው።

ናን በቻይንኛ ደቡብ ማለት ነው። ባቡራችን የሚነሳው ከደቡብ ጣቢያ ነበር፤ እኛ የቆምነው ደግሞ ሌላ ጣቢያ በር ላይ ነው።

ነገሩ የሆነው በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ ቻይና፣ ጓንዡ ከተማ ውስጥ ነው። የምሠራው መርካቶ፣ አምፖልና የመብራት ዕቃ በሚያስመጣ ሱቅ ነው። ሂሳብ እይዛለሁ፣ ከፋብሪካ ጋር እጻጻፋለሁ፣ ከትራንዚተር ጋር እነታረካለሁ። እትዬ የሱቁ ባለቤት ናቸው። ከባለቤታቸው ከጋሼ ጋር ለዓመታት ጓንዡ ተመላልሰዋል፤ ጋሼ ካረፉ ወዲህ ግን ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። «ይሄ ልጅ አፕሊኬሽን ያውቃል» ተብዬ አብሬ እንድሄድ ተመረጥኩ።

ጉዳያችን ሁለት ነው። አንዱ የካንቶን ትርኢት፣ ጓንዡ የሚካሄደው ትልቁ የንግድ ትርኢት ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያና በጥቅምት ይከፈታል፤ በየጊዜው በሦስት ዙር ይካሄዳል፤ መብራት በመጀመሪያው ዙር ስለሆነ ዙሩን ሳያዩ ቲኬት የቆረጡ ሰዎች የአልጋ ልብስና መጫወቻ ሲያዩ ከርመው ይመለሳሉ። ሁለተኛው ጉዳይ ቀደም ብለን ያዘዝነው አምፖል ኮንቴይነር ውስጥ ሲጫን በቦታው መገኘት ነው። ፋብሪካው ያለው ጉዜን ነው፤ ከጓንዡ በስተ ደቡብ፣ ዦንግሻን ውስጥ። መርካቶ እንዳለ አምፖል ተራ ቢሆን ማለት ነው።

እትዬ በቦርሳቸው አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ይዘዋል። የጋሼ ነው። በየገጹ የሆቴል፣ የምግብ ቤትና የፋብሪካ ካርድ በሙጫ ተለጥፎ፣ ከጎኑ በአማርኛ ማስታወሻ ተጽፎበታል። «አልጋው ደህና፤ ሊፍቱ ይቆማል»፣ «ሰውዬው ጨዋ ነው፤ ዋጋ ግን አይቀንስም»፣ አንዱ ላይ ብቻ ደግሞ በቀይ «ሁለተኛ!»። ጠርዙ በጣት ወዝ ጠቁሯል። እኔ ስልኬን ይዤ ነበርና ደብተሩን እንደ ማስታወሻ ዕቃ ነው ያየሁት።

የመጀመሪያው ሌሊት ደብተሩ አሸነፈኝ። ትርኢቱ ካለበት ፓዡ አጠገብ ርካሽ ሆቴል በስልክ ይዤ ነበር። በትርኢት ሰሞን እዚያ አካባቢ ርካሽ ነገር ሲገኝ መጠርጠር ነበረብኝ። እንግዳ ተቀባዩ ልጅ ፓስፖርታችንን አይቶ እጁን አወዛወዘ፦ የውጭ ዜጋ አንቀበልም። ቻይና ውስጥ የውጭ ሰው ባደረ በ24 ሰዓት ውስጥ ፖሊስ ዘንድ መመዝገብ አለበት። ሆቴል ያረፈን ሆቴሉ ይመዘግበዋል፤ ወዳጅ ቤት ያረፈን ራሱ ወይም አሳዳሪው ያስመዘግባል። አንዳንድ ትንንሽ ሆቴሎች ታዲያ ይህን ጣጣ አይፈልጉትም። እትዬ ምንም ሳይናገሩ ደብተሩን ከፍተው አንድ ካርድ ለታክሲው አሳዩት። ሺያውቤ ወሰደን። ሺያውቤ አፍሪካዊ፣ አረብና ቱርክ የሚርመሰመስበት ሰፈር ነው፤ ፓስፖርት አይቶ የሚደነግጥ የለም። ከዚያ ትርኢቱ ድረስ በሜትሮ ሦስት መስመር መቀያየር አለ፤ በ5 ቁጥር ሄደን፣ ወደ 3፣ ከዚያ ወደ 8። ቢሆንም አልጋው ለበጀታችን የሚሆን ነበር።

በምግብ ግን እኔ አሸነፍኩ። የእኛ ዙር በሙሉ ዐቢይ ጾም ላይ ነው የዋለው። በደብተሩ ያለው የጾም ምግብ ቤት ስንደርስ የስልክ ሽፋን መሸጫ ሆኗል። እትዬ «እንግዲህ አትክልት ብቻ ጠይቅልኝ» አሉ። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያሻል፤ ጓንዡ ውስጥ ጎመን ማለት ጎመን ብቻ አይደለም። በአሳማ ስብ ይጠበሳል፣ በላዩ ከባሕር እንስሳ የሚሠራ የኦይስተር መረቅ ይፈስበታል፤ «ሥጋ አለው?» ብትል ደግሞ «የለውም» ይሉሃል፤ በእነሱ ዓይን አልዋሹም፣ ሥጋ አልጨመሩም። የሚጠየቀው «ሱ» ነው። «ወ ቺ ሱ» ያለ ሰው ሥጋም ስብም እንደማይበላ ይገባቸዋል። ያቺን ፊደል ስልኬ ካርታ ላይ ብፈልግ የቡድሃ ተከታዮች የሚመገቡባቸው ቤቶች ተደርድረው መጡልኝ። ብዙዎቹ ነጭ ሽንኩርትና ሽንኩርት እንኳ አይነኩም፤ ከእኛ ጾም ይጠብቃል። ችግር የተፈጠረው ከአኩሪ አተር የተሠራ ዳክዬ ሲቀርብ ነው፤ ቆዳው ሳይቀር ዳክዬ ይመስላል። እትዬ ሳህኑን በአንድ ጣት ገፉት። «ባይሆንስ፤ ዓይኔ አይቶታል» አሉ። ሩዝና እንጉዳይ በሉ።

ገንዘብም እንደዚያው። እትዬ በቦርሳቸው ባለ 100 ዩዋን ኖቶች አጭቀዋል፤ ጠዋት ጠዋት የሩዝ አጥሚት የምትሸጠው ሴትዮ ግን መልስ የላትም። ሁሉም ግድግዳ ላይ የተለጠፈች ካሬ ኮድ በስልኩ አንስቶ፣ ከፍሎ ይሄዳል። እኔ አሊፔይ የሚባለው የስልክ መክፈያ ላይ የባንክ ካርዴን ከአዲስ አበባ አያይዤ ስለመጣሁ ቲክ አድርጌ ከፈልኩ። «ጎበዝ» አሉኝ። ሻይ ቤት ደግሞ፣ የፋብሪካው ወኪል ሻይ ሲቀዳለት ጠረጴዛውን በሁለት ጣቱ መታ መታ ሲያደርግ እትዬ «ቸኮለ መሰለኝ፣ እንነሣ?» ብለው ተጨንቀው ነበር። ምስጋና መሆኑን አንብቤ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ያኔ ነው የጠገብኩት።

በማግስቱ የጉዜን ባቡር 2፡40 ይነሳል፤ ጭነቱ 4 ሰዓት ላይ ይጀመራል። ከሆቴል 1 ሰዓት ተኩል ወጣን። ዝናቡ የጉድ ነው፤ ያ ሚያዝያ ጓንዡ ያለችበትን የጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ጎርፍ የመታበት ነበር። ስልኬን «የባቡር ጣቢያ» አልኩት፣ እሱም ለሹፌሩ በሴት ድምፅ «ሁዎቸዛን» አለለት። ሹፌሩ እሺ ብሎ ነዳ። ትንሽ ሄድን፣ ቆመ። ሜትሩ ከመነሻው ከ12 ዩዋን ብዙም አልዘለለም።

እትዬ ግራ ገባቸው። «ይህን ያህል ቅርብ ነው እንዴ? ከጋሼህ ጋር ስንሄድ ሩቅ ነበር።»

«መንገድ ሠርተው ይሆናል፣ እትዬ።»

«ደብተሩን ላውጣው?»

«አያስፈልግም።»

ይህችን «አያስፈልግም» እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ትኬቱ ላይ በላቲን ፊደል አንድ ላይ ተገጥሞ «ጓንዡናን» ይላል። እኔ ያው ጓንዡን የቻይና መንግሥት ሲጽፈው እንዲህ ይረዝማል ብዬ አልፌው ነበር። ከተማው ግን በስሙ የሚጠሩ ብዙ ጣቢያዎች አሉት፦ መሐል ከተማ ያለው ዝም ብሎ ጓንዡ፣ ምሥራቁ ዶንግ፣ ሰሜኑ በይ፣ ደቡቡ ናን፤ እኛ ከመሄዳችን ከጥቂት ወራት በፊት ደግሞ ባይዩን የሚባል አዲስ ተከፍቷል። ፈጣን ባቡር የሚበዛበት ደቡቡ ነው፤ ያለውም ፓንዩ፣ ከመሐል ከተማ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ። ሹፌሩ አላጠፋም። የባቡር ጣቢያ አልነው፣ የባቡር ጣቢያ አደረሰን።

ደግነቱ ሁለቱን ጣቢያዎች 2 ቁጥር ሜትሮ በቀጥታ ያገናኛቸዋል። ሩጫ ነበር፤ ሻንጣ ፍተሻ፣ ደረጃ፣ እርጥብ ወለል። ባቡሩ እንዳመለጠን ስለገባን ቦታ ይዘን ተቀመጥን። እትዬ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ደብተሩን ከፍተው ጭኔ ላይ አስቀመጡት። ገጹ ላይ በስክሪፕቶ፣ በቻይናዊ እጅ፣ አንዲት ፊደል በትልቁ ተጽፋለች። ጣራና ሁለት ቋሚ ያላት የቤት በር የምትመስል ፊደል ናት፤ በሩ ውስጥ ትንሽ መስቀለኛ ነገር አለ። ከሥሯ የጋሼ ጽሑፍ፦ «በዚህች የሚያልቀው ነው። ሌላ ጋ ከወሰዱህ አትውረድ።»

ደቡብ ጣቢያ ስንደርስ ትኬቱን ለዚያው ቀን ባቡር ቀየሩልን፤ ያመለጠውን ባቡር በዚያው ዕለት መቀየር ይቻላል። መስኮቱ ጋ ግን ሰልፍ አለ፣ ቀጣዮቹ ባቡሮች ደግሞ ሞልተዋል። ወንበር የተገኘው 5 ሰዓት ላይ ነው። ፋብሪካው ጋ ስንደርስ 6 ሰዓት ተኩል አልፎ፣ ኮንቴይነሩ ከግማሽ በላይ እስከ ጣራው ሞልቷል። መኪናው ናንሻ ወደብ መድረስ ያለበት ሰዓት አለው፤ ሹፌሩ ሞተር አስነስቶ ያጨሳል። እትዬ እጅጌያቸውን ሰብስበው በሩ አጠገብ ካሉት ካርቶኖች ሦስቱን አስከፈቱ፣ አምፖሎቹን አንድ በአንድ ሶኬት ላይ ሰክተው አበሩ። ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም ደህና። «ከኋላ ያለውስ?» አሉ። ወኪሉ ፈገግ ብሎ ወደ ግድግዳው ሰዓት አመለከተ። በሩ ተዘጋ፣ ታሸገ።

ሐምሌ ላይ ዕቃው በሞጆ ደረቅ ወደብ አልፎ ሱቅ ገባ። ከኋላ የነበሩት 46 ካርቶኖች ውጫቸው 6500 ይላል፤ ይህ ነጭ ብርሃን ነው። አምፖሉን አውጥቼ አንገቱ ላይ ያለችውን ደቃቃ ጽሑፍ ሳነብ 3000 ትላለች። ቢጫ። መርካቶ ላይ ቸርቻሪው ነጭ ካልሆነ ዞር ብሎም አያየውም። ፋብሪካው ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ በቀጣዩ ትዕዛዝ ላይ ትንሽ ቀነሰልን፤ አምፖሎቹን ለካፌ ባለቤቶች በኪሳራ እያራገፍን ወራት ወሰደብን።

ጥቅምት ላይ ስመለስ፣ ከእያንዳንዱ ሆቴል ስወጣ ካርዱን እወስዳለሁ። የባቡር ትኬት ላይ ያለውን የቻይንኛ ስም ፎቶ አንስቼ ለሹፌሩ አሳያለሁ፤ ስልኩ እንዲናገርልኝ አልተውም። አሊፔዩን ግን አልተውኩትም። ጋሼ ባዶ የተውዋቸው ገጾች ላይ የራሴን ካርዶች መለጠፍ ጀምሬያለሁ፤ እትዬ ሙጫው ገጹን እንዳያበላሽ ቆመው ያዩኛል።

ከእነዚያ 46 ካርቶኖች አንዷን አምፖል ደግሞ አውጥተው ከጠረጴዛዬ በላይ አስገቡልኝ። ሲቃጠል በነጭ እለውጠዋለሁ ብዬ ነበር። ዕቃው ግን ጥሩ ዕቃ ነው፤ እስካሁን አልተቃጠለም።