ድምፄ ስንት ያወጣል?

ኖቬምበር 2017 የቨርጂኒያ ምርጫ ሲደርስ ጌም ቲዎሪ፣ ማለትም የአንዱ ሰው ውሳኔ የሚያስገኘው ውጤት ሌላው በሚወስነው ላይ ሲንጠለጠል የሚያጠናው የሂሳብ ዘርፍ፣ ጭንቅላቴን ይዞት ነበር። አንድ ማታ ደብተር አወጣሁ። በአንድ በኩል ወጪውን ጻፍኩ፤ የአሌክሳንድሪያ ትራፊክ፣ ሰልፍ፣ የሚባክነው ሰዓት። በሌላ በኩል ጥቅሙን፤ የምፈልገው ሰው ቢያሸንፍ የማገኘው፣ የእኔ ድምፅ ውጤቱን በሚለውጥበት ዕድል ተባዝቶ። ዕድሉን አንድ ሲካፈል ለመራጩ ቁጥር አልኩት። ሳንቲም እንኳ አልሞላም። ቀረሁ።

ባለቤቴ መርጣ «መርጫለሁ» የሚለውን ተለጣፊ ደረቷ ላይ ለጥፋ ገባች። «ቆጥረህ ጨረስክ?» አለችኝ።

ከዚያ የኒውፖርት ኒውስ፣ የቨርጂኒያዋ ከተማ፣ ጉድ ተሰማ። ለግዛቱ የታችኛው ምክር ቤት በ94ኛው ወረዳ ሁለቱ ተወዳዳሪዎች እኩል 11,608 ድምፅ ይዘው ቁጭ አሉ። ጃንዋሪ 4 ቀን 2018 እንደ ዕቁብ ዕጣ ወጣ። ከሁለቱ ለሪፐብሊካኑ ዴቪድ ያንሲ ደረሰው። ፓርቲውም 51 ለ 49 ሆኖ ምክር ቤቱን ያዘ።

ወረዳው የእኔ አይደለም፤ ብመርጥም የምለውጠው አልነበረም። ስህተቴን ግን እዚያ አየሁት። ዕድሉ ቋሚ ቁጥር አይደለም። ፉክክሩ ምን ያህል እንደተቀራረበና ሌላው ሰው በሚያደርገው ነገር ይወሰናል። ሁሉም እንደኔ ደብተር ይዞ ቤቱ ቢቀር ብቻውን የሄደው ሰው ምርጫውን ይወስናል። ያኔ መሄድ ያዋጣል። ይህን አውቆ ሁሉም ቢጎርፍ ደግሞ መልሶ አያዋጣም። ጨዋታ ያሰኘው ይኸው ነው።

በትልቅ ምርጫ ግን ይህም ሰልፉን አያስረዳም። የፖለቲካ ሳይንስ ምሁራኑ ዊልያም ራይከርና ፒተር ኦርድሹክ በ1968 ሂሳቡ ላይ የግዴታ ስሜትን ጨመሩበት። እውነቱን ለመናገር ማጭበርበር መስሎኝ ነበር፤ ሂሳብ አልሞላ ሲል የሚደመር ነገር።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ የሚሺጋኑ ሙከራ ነው። በ2006 ለአንዳንድ ቤቶች እነሱና ጎረቤቶቻቸው ከዚህ በፊት መምረጥ አለመምረጣቸውን የሚዘረዝር ደብዳቤ ተላከ፤ ከምርጫው በኋላም ዝርዝሩ ለሰፈሩ እንደሚላክ ተነገራቸው። ከእነዚህ ቤቶች የመረጠው ሰው ደብዳቤ ካልደረሳቸው በ8 ፐርሰንት ነጥብ ገደማ በለጠ። ይሉኝታ ማለት ይሄ አይደል? እኛስ ለቅሶ የምንደርሰው ሟች እንዲነሳ ነው? የቀረ ሰው ይታወቃል፤ በእድር ደግሞ ይቀጣል።

በ2018 ምርጫ ከጠዋቱ 12 ሰዓት በሩ ሲከፈት ቆሜ ነበር። ደብተሩን ቤት ትቼ፣ ከባለቤቴ ኋላ።