መስቀል አልፎ ያልሄደች ወፍ

ጥቅምት 18 ማታ፣ ደብረ ብርሃን እማዬ ቤት። እግሬ ገና አልሞቀም። ጠዋት 12 ሰዓት ስንወጣ ሳሩ ላይ ውርጭ ተጋግሮ ነበር፣ በጥቅምት አንድ አጥንት ያሉት ወደው አይደለም። ከጓደኛዬ ከሰ. ጋር አንኮበር ገደሉ አፋፍ ላይ ቁጭ ብለን ንስር ስንጠብቅ ዋልን።

ዓመቱን ሙሉ የምናፍቀው ይሄን ሰሞን ነው። ንስር ረጅም መንገድ ሲሄድ ክንፉን አያራግብም፣ መሬት ሲሞቅ ወደላይ የሚነሳ አየር አለ፣ እሱ ላይ እየዞረ ይወጣና ከዛ እየተንሸራተተ ይሄዳል፣ ባህር ላይ ግን እንደዛ አይነት አየር የለም፣ ስለዚህ ከሩሲያና ከካዛኪስታን ሜዳ ከተነሳው ብዙው የመንን ይዞ ይወርድና ባብ ኤል ማንደብ ላይ፣ ባህሩ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆንበት ጠባብ ቦታ፣ ተሻግሮ ጅቡቲ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1987 ጅቡቲ ዳርቻ ቆመው የቆጠሩ ሰዎች በአንድ መጸው ብቻ ወደ 250 ሺ የሚጠጋ አዳኝ ወፍ መዝግበዋል። የኛ ልጆች በሚሄዱበት ባህር እነሱ ወደኛ ይመጣሉ። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴን ባር ባር ይለኛል።

እስከ 4 ሰዓት ጭላዳዎቹ ሳር ሲነጩ ከማየት ሌላ ምንም አልነበረም። ከዛ ከአፋር በኩል ያለው ጭጋግ ሲገፈፍ አንድ ወጣት የስቴፕ ንስር፣ ከነዛ ሜዳዎች ከሚነሱት፣ ከእግራችን ስር መጣ፣ ከእግራችን ስር ነው የምላችሁ፣ ጀርባውን እያየነው። ዘመም ሲል ከክንፉ ስር ያለው ነጭ መስመር ብልጭ አለ፣ የክንፉ ጫፍ ላባዎች እንደ ጣት ተከፋፍተው እያንዳንዳቸው ለብቻ ሲንቀጠቀጡ በባይኖኩላር አየኋቸው። ትንፋሼን ይዤ ነበር።

ከብት የሚጠብቅ ልጅ መጣና "ጋሼ፣ ምን ጠፋዎት?" አለኝ። ወፍ እያየን ነው አልኩት። "ወፍማ ይኸው" ብሎ የገብሱን ጠርዝ አሳየኝ። የመስቀል ወፍ። ቢጫው እዚህም እዛም ተነቃቅሎ በመሀል ቡናማው ብቅ ብቅ ብሏል። "መስቀል አልፎ እንኳን አልሄድ አለ" አለ ልጁ።

ከዛ በኋላ ንስሩን ረሳሁት። ሰ. ሲቆጥር ዋለ፣ የኔ ማስታወሻ ከ5 ሰዓት ወዲህ ባዶ ነው።

ምክንያቱም የመስቀል ወፍ የትም አይሄድም። ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ገብሱ ውስጥ ከድንቢጥ ጋር ተቀላቅሎ፣ ቡናማ ሆኖ ይኖራል፣ ክረምቱ ሲመጣ ወንዱ ቢጫና ጥቁር ይለብስና ላባውን ነፍቶ እንደ ጥንዚዛ ሳሩ ላይ ሲንዛዘዝ ነው እኛ "መጣ" የምንለው። ሴቷ ግን አትቀይርም። በመስከረምም በግንቦትም ያው ቡናማ ናት፣ እንቁላሉ ላይ የምትተኛው ደግሞ እሷ ናት። አንኮበር እራሱ በስሙ የምትጠራ ትንሽዬ ቡናማ ወፍ አለችው፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ነው በሳይንስ ሰዎች መጀመሪያ የተገኘችው፣ እሷ ግን ከዛ በፊትም እዚሁ ገደል ላይ ነበረች። እኔ ስንት ዓመት ሙሉ ወፍ ስመዘግብ የመስቀል ወፍን ሴት አንድ ቀን ጽፌ አላውቅም።

እማዬ ከአዲስ አበባ በመጣሁ ቁጥር በሩ ላይ "የመስቀል ወፌ መጣ!" ትላለች፣ እልልታው፣ ዶሮው፣ ጎረቤቱ። ዘንድሮም ጽጌን እየጾመች ለኔ ግን አስቀርታ ጠበቀችኝ። እህቴን ማንም "መጣች" ብሏት አያውቅም፣ ከሄደ አይደል የሚመጣ። ሌሊት ለመድኃኒቱ የምትነሳው እሷ፣ ሐኪም ቤት ወረፋ የምትይዘው እሷ። እማዬ ከመታመሟ በፊት አዲስ አበባ ልትማር ተመዝግባ ነበር፣ ያኔ የተገዛው ቀይ ሻንጣ አሁንም አልጋው ስር አለ። ዛሬ ጋቢ አምጣልኝ ብላኝ ስከፍተው የእማዬን ጋቢዎች አጥፋ ደርድራበታለች፣ የዋጋው ወረቀት እጀታው ላይ እንደተንጠለጠለ ነው።

ማታ እርጥብ ጫማዬን ከሰሉ አጠገብ እያስጠጋች "ጋሽዬ፣ ስንት አየህ?" አለችኝ። አንድ አልኳት። "ለአንድ ነው ይሄ ሁሉ ብርድ?" ብላ ቆሎውን ሰጥታኝ ወደ ጓዳ ገባች፣ አሁንም ሳህን ስታጥብ ይሰማኛል።

ነገ 1 ሰዓት ላይ እሄዳለሁ። ከመሄዴ በፊት ልጠይቃት እያሰብኩ ነው፣ አሁንም መሄድ ትፈልጊያለሽ ወይ ብዬ። አዎ ካለችኝስ፣ እማዬ ጋ ማን ይቀመጣል? እኔ?